አዛዡ የት ይቁም? ከአድዋ እስከ ኮምቦልቻ ዳገት
ደሴ ላይ የጦርነት ወሬ ከተነሳ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «አዛዡ የት ነበር?» ይላል አንዱ። ከፊት ነበር ከተባለ ሰውየው ጀግና ነው፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ከኋላ ነበር ከተባለ ደግሞ ይታማል። በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ከመጣ ወዲህ ይህ የቡና ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቤቱ የተዘረፈበት፣ ልጁን የቀበረ ሰው ነው የሚጠይቀው።

የዚያ ጦርነት ቁስል ገና አልሻረም። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ኋላ ወስጄ፣ ይህ አገር በሚያውቃቸው በቆዩት ጦርነቶች ላስረዳ። ነገሩ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። አዛዥ ከፊት በመቆሙ የዳነ ጦር አለ። ከፊት በመቆሙ ያለቀ ጦርም አለ። እኔ እንደሚገባኝ የአዛዥ ድፍረት የሚታወቀው ለጥይት ምን ያህል ቀረበ በሚለው ብቻ አይደለም። መቆም ያለበትን ቦታ መርጦ፣ ሰው ምንም ቢለው ከዚያ ሳይነቃነቅ በመቅረቱም ጭምር ነው። አንዳንድ ጊዜ ያ ቦታ ከፊት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

በድሮው ጊዜ የኢትዮጵያ ጦር አሰላለፍ ለጥያቄው የተዘጋጀ መልስ ነበረው። ፊታውራሪው ከፊት ይሄዳል። ቀኛዝማቹ ቀኙን፣ ግራዝማቹ ግራውን ይይዛል። ጌታው መሀል ነው። ደጀን ከኋላ ይከተላል። ጦሩ ሲጓዝም ሲሰፍርም እንደዚያው ነው። ድንኳኖቹን ያየ ሰው ማን የት እንዳለ ይገባዋል። ሬዲዮ የለም፣ ስልክ የለም። ትእዛዝ የሚደርሰው በነጋሪት፣ በፈረሰኛ መልእክተኛና በዓይን ነው። ወታደሩ የጌታውን ፈረስና ሰንደቅ ያያል። ቆሞ ካየው ይቆማል፤ ወደፊት ሲል ካየው ይከተላል። በዚህ ዓይነት ጦር ውስጥ አዛዥ ካልታየ የለም ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። አብዛኛው ዘማች በወር ደመወዝ የሚተዳደር አልነበረም። የዘመተው ጌታውን ተከትሎ ነው። መሬቱ፣ ከድል በኋላ የሚጠብቀው ሹመትና ሽልማት ሁሉ ከዚያ ሰው ጋር የተያያዘ ነው። ጌታው የቤቱ ምሰሶ ነበር። ምሰሶ ከወደቀ ግድግዳው ደህና ቢሆን እንኳ ቤቱ አይቆምም። ትልልቅ ሠራዊቶች ገና ብዙ ሰው እያላቸው በአንድ ከሰዓት የሚበተኑት ለዚህ ነው። መሪው ተማረከ ወይም ሞተ የሚል ወሬ ከደረሰ ወታደሩ መውጫ መንገዱን ይፈልጋል። ፈሪ ስለሆነ አይደለም። የሚዋጋለት ሰው ስለሌለ ነው። ይህን ሳያውቁ የድሮ ጦርነት ማንበብ ይከብዳል። ለምን አንድ ሰው ሲያዝ ሁሉ ነገር እንደሚያልቅ አይገባም።

ከፊት ስለመቆም ከተነሳ ፊታውራሪ ገበየሁን ሳላነሳ አላልፍም። ኅዳር 28 ቀን 1888 አምባላጌ ላይ የጣሊያኑ የሻለቃ ቶሴሊ ጦር የተደመሰሰበት ውጊያ ሲጀመር ራስ መኮንን ገና መላላኩን አላቋረጡም ነበር። ፊታውራሪው የበላይ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ገቡበት። ድል ሆነ። ይህን ሰው በጀግንነት የሚጠረጥረው የለም። ከሦስት ወር በኋላ አድዋ ላይ ከፊት እንዳሉ ወደቁ። ግን እስቲ አስቡት፤ ያ ውጊያ ባይሳካስ? ጦሩ ገና ሙሉ በሙሉ አልደረሰም። ንጉሠ ነገሥቱም ገና መንገድ ላይ ነበሩ። የአንድ መኮንን ድፍረት የሌሎቹን ሁሉ ዕቅድ ይዞ ገደል ሊገባ ይችል ነበር። ያለ ትእዛዝ የሚገባ ጀግና ሲሳካለት ይዘፈንለታል። ሳይሳካለት ሲቀር የሚከፍለው እሱ ብቻ አይደለም።

ለዚያ ዘመቻ ወሎ ሩቅ አልነበረም። የአድዋ ጠብ የተጀመረበት የውጫሌ ውል የተፈረመው ከደሴ በስተሰሜን ባለችው ውጫሌ ነው። ምኒልክ ክተት ሲያውጁ የሸዋን ሰው የቀጠሩት ወረይሉ ላይ ነው፤ እስከ ጥቅምት እኩሌታ። ለምን ወረይሉ? መልሱ ስንቅ ነው። ያ ሁሉ ሰው ከአዲስ አበባ አንድ ላይ ቢነሳ መንገዱ ላይ ያለ ገበሬ አያበላውም። በየአቅጣጫው ተጉዞ አንድ ቦታ ላይ መገናኘት አለበት። በአዋጅ የተነገረችው ያቺ አንድ የቀጠሮ ቦታ ከማንኛውም ፉከራ የበለጠ የአመራር ሥራ ነበረች ብል ማጋነን አይመስለኝም። ጥይት ሳይተኮስ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ግን ዘፈን የለውም።

ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዘመቱ። የካቲት 23 ቀን 1888 የጣሊያን ጦር በሌሊት በሦስት ግንባር ወጥቶ በጨለማና በተሳሳተ ካርታ ተለያየ። የጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌድ ከሌሎቹ ተነጥሎ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ገባ። እዚያም ተከቦ አለቀ፤ ጄኔራሉም ሞተ። ያን ብርጌድ ከጨረሱት ጦሮች መካከል የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ይገኙበታል።

የፈረሰኛ አዛዥ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ብዙ አይነገርም። ፈረሰኛን በደህና በተሰለፈ ጠመንጃ ላይ በግንባር ከላክኸው ያልቃል። ዘግይተህ ከላክኸው ደግሞ ጠላት አፈግፍጎ ሌላ ቦታ ይይዛል። ጊዜው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለች ጠባብ ሰዓት ነች። ሰልፉ ሲላላ፣ መድፉ ጥይት ሲጨርስ፣ ሰዉ ወደ ኋላ ማየት ሲጀምር። ፈረሰኛው በበኩሉ ገና ከጠዋቱ መጋለብ ይፈልጋል፤ ደሙ ይሞቃል፣ ይፎክራል። ያን ሁሉ ሰው «ቆይ» ብሎ መያዝ ከመጋለብ የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከዚያ ወደ 20 ዓመት ገደማ ቆይቶ የእኚሁ የራስ ሚካኤል ነገር የአዛዥን ድፍረት በሁሉም በኩል ያሳያል። ግንቦት 1906 ደሴ ላይ ንግሥና ተቀብተው ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አዲስ አበባ ላይ የምኒልክን ወንበር ይዟል። ደሴ ያኔ ተራ የክፍለ አገር ከተማ አልነበረችም። እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሳው አይጠየፍ አዳራሽ የተሠራውም ለግብር ነው። ግብር ደግሞ ድግስ ብቻ አይደለም። ጌታና ወታደር አንድ ጣራ ሥር ሲበሉ ነው አንዱ ሌላውን የሚያውቀው። የጦር ሜዳ ላይ «ማን ነው ያ ሰውዬ?» እንዳይባል የሚደረገው እዚያ ነው። የድሮ ሠራዊት ሥልጠናው ግብር ቤት ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

መስከረም 17 ቀን 1909 የሸዋ መኳንንት ልጅ ኢያሱን ሻሩ። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ሆኑ። ኢያሱ በዚያ ሰዓት በምሥራቅ በኩል ነበር። አባትየው ከወሎ ክተት አውጀው ወደ አዲስ አበባ ተነሱ። ጦራቸውን እስከ 80,000 የሚገምቱ አሉ። ቁጥሩ ላይ ልዩነት ቢኖርም፣ የሸዋ ጦር ገና ተሰብስቦ ሳያልቅ ትልቅ ጦር በራሱ ላይ እየመጣ መሆኑ አያከራክርም። ለሸዋዎቹ ከሰውም ከመሣሪያም በላይ ያጠራቸው ቀን ነበር።

ያን ቀን የገዛላቸው ራስ ሉልሰገድ ናቸው። ነገሩ ከለየለት ከሰገሌ ውጊያ ጥቂት ቀናት በፊት ቶራ መስክ ላይ የንጉሥ ሚካኤልን ጦር ገጠሙ። ጦራቸው ከሚመጣባቸው ጦር ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ተሸነፉ። ራሳቸውም ሞቱ፣ ከሰዎቻቸው ብዙው አለቀ። ውጤቱን ብቻ ካየን የተሸነፈ መኮንን ናቸው። ግን የጦር ሰው እንዲህ አያነበውም። ወደፊት እየገሰገሰ ያለ ትልቅ ጦር አንድ ቦታ ላይ ከባድ ውጊያ ካደረገ በማግስቱ እንደ ትናንቱ አይገሰግስም። ቁስለኛ ይነሳል፣ ሙት ይቀበራል፣ የተበተነ ይሰበሰባል፣ ጥይት ይቆጠራል። አሸናፊውም ይደክማል። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ቀን ለአዲስ አበባ ተጨማሪ ሰው የሚደርስበት ቀን ነው። ራስ ሉልሰገድ ከፊት በመቆማቸው ሞቱ፤ ያ ሞት ግን ከኋላቸው ላለው ጦር ጊዜ ሆኖ ተቆጠረ። የማዘግየት ውጊያ የሚባለው ይህ ነው። ለመኮንን ከሚሰጡ ሥራዎች ሁሉ የመረረው ይመስለኛል። ማሸነፍ አይጠበቅብህም። የሚጠበቅብህ ቶሎ አለመሸነፍ ነው።

ቀጥሎ የሚመጡት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ የጦር ሚኒስትሩ። ከጨቦ ኦሮሞ ነው የተነሱት። በልጅነት በጦርነት ተማርከው፣ ምኒልክ ቤት አድገው፣ እዚያ ማዕረግ ደረሱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ መሸነፍ ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የሳቸው ድፍረት ሌላ ዓይነት ነበር። ሲተረክ እንደኖረው፣ ለንጉሥ ሚካኤል ወዳጅ የሚያስመስል መልእክት እየላኩ «ትንሽ ይቆዩ» አሰኝተዋቸዋል። ይህን አንዳንዱ ተንኮል ይለዋል። እኔ ግን ጊዜ የሚያጥረው አዛዥ ጊዜ ለማግኘት የሚያደርገውን ነው ያደረጉት እላለሁ። በዚያ ላይ አስቡት፤ የራስ ሉልሰገድ ደም ገና አልደረቀም። ከተማው ውስጥ «ምን ይጠበቃል፣ እንውጣና እንግጠም» የሚል ሰው አይጠፋም። በዚያ ሁሉ መሀል ዝም ብሎ ሰው እስኪደርስ መጠበቅ ቀላል አይደለም። ፈሪ የመባልን ስጋት ተሸክሞ መቀመጥ ራሱ አንድ ውጊያ ነው።

ንጉሥ ሚካኤልስ ለምን ቆሙ? ይህ የወሎ ሰው እስከ ዛሬ የሚከራከርበት ነው። በቀጥታ ገስግሰው ቢሆን አዲስ አበባን ይይዙ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ግን ያለ ምክንያት አልቆሙም። ልጃቸውን ከምሥራቅ እየጠበቁ ነበር። ኢያሱ ደርሶ ቢሆን ሸዋ ሁለት ጦር በሁለት በኩል ይመጣበት ነበር። ጦራቸው ከቶራ መስክ ገና መውጣቱ ነው። ደግሞም ከፊታቸው ያለው ባዕድ አይደለም። ዘውዲቱ የባለቤታቸው የሸዋረጋ እህት ነች። አድዋ ላይ አብረዋቸው የተሰለፉ ሰዎች ናቸው ዛሬ ወዲያ ማዶ ያሉት። እንዲህ ያለ ሰው ደብዳቤ ሲመጣለት ማመን ይፈልጋል። የወታደር ስህተት ሁልጊዜ ከፍርሃት አይመጣም፤ አንዳንዴ ከዝምድና ይመጣል።

ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተገናኙ። ከአድዋ ወዲህ በኢትዮጵያ ምድር ከተደረጉት ውጊያዎች ሁሉ ትልቁ ነው የሚሉት አሉ። በሁለቱም በኩል የወደቀው ኢትዮጵያዊ ነው። ይህን ስጽፍ ልቤ ከማንኛቸውም ጋር አይደለም፤ ከሞተው ጋር ነው። ንጉሡ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል። እንደ ድሮው ሥርዓት መሀል ነበሩ፤ ሰዉ ሁሉ በሚያያቸው ቦታ። ክበቡ ሲጠብ አልሸሹም። እዚያው ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ውጊያ የሚባል ነገር አልቀረም። ስለ ምሰሶው ያልኩትን እዚህ ላይ ታዩታላችሁ። የወሎ ፈረሰኛ ድፍረቱን ያን ቀን አልጣለም። ያጣው የሚያየውን ሰው ነው።

እንግዲህ «አዛዡ የት ነበር?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ አያከራክርም። ንጉሥ ሚካኤል ከጦሩ መሀል ነበሩ። ጀግንነታቸውም አያከራክርም። ያም ሆኖ ጦሩ ተሸነፈ። ያሸነፈው ቀድሞ ጊዜን ያሸነፈው ነው። ብዙም ሳይቆይ ደሴም ተያዘች። ንጉሡ በግዞት ላይ ሆነው በ1910 መጨረሻ አረፉ።

ከዚያ ወዲህ 20 ዓመት እንኳ ሳይሞላ ጥያቄው ደሴ ድረስ በአውሮፕላን መጣ። ኅዳር 1928 ላይ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ወደ ሰሜኑ ጦር ለመቅረብ ደሴ ገብተው ከተማዋን ጠቅላይ ሰፈር አደረጓት። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች መጡ። ተራ ቦምብ ብቻ አልጣሉም፤ እሳት የሚያስነሳ ቦምብም ጣሉ። ደሴ ያኔ አብዛኛው ቤቷ ሣር ክዳን ነው። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልና ድንኳን ሳይቀር ተመታ። የውጭ አገር ሐኪሞች ተፈራርመው የተቃውሞ ቴሌግራም ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ጉድጓድ ውስጥ አልገቡም። መትረየስ ላይ ቆመው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ታዩ። የመትረየሱ ፎቶ ዓለምን ዞረ።

ይህን ድርጊት እንዴት እንየው? በአንድ በኩል ያ ሰዓት መሪ መታየት ያለበት ሰዓት ነበር። ከተማው ይነዳል፣ ሰዉ አውሮፕላን ሲያወርድ የኖረ አይደለም፣ ብዙው ከዚያ በፊት ቦምብ አይቶ አያውቅም። ንጉሡ ሸሹ ቢባል ኖሮ ጦሩ ከደሴ ሳይወጣ ይበተን ነበር። በሌላ በኩል አንድ የቦምብ ፍንጣሪ በቂ ነበር። የመንግሥቱ ምሰሶ አንድ ብቻ ነው። በመትረየስ የተቃጣ አውሮፕላን ባይወድቅም የተገኘው ጥቅም ከአውሮፕላን ይበልጣል፤ የተጣለው ዕጣ ግን አገር ነበር። እኔ ብጠየቅ ያን ቀን ልክ ነበሩ እላለሁ። በየቀኑ ቢያደርጉት ግን ልክ አይሆንም።

ማይጨው ላይ ነገሩ ተለወጠ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ክቡር ዘበኛውና የራስ ካሣ፣ የራስ ሥዩም፣ የራስ ጌታቸው ጦር ጣሊያን የመሸገበትን ቦታ ገጠመ። ክቡር ዘበኛ በቤልጅግ መኮንኖች የሠለጠነ ጦር ነው፤ ያን ቀን ያሳየውን ጽናት ጠላቱም መስክሮለታል። ንጉሠ ነገሥቱ አሁንም ከውጊያው አልራቁም። ጎድሎ የነበረው ድፍረት አልነበረም። የጎደለው ጊዜና ምሥጢር ነው። ጥቃቱ ከታሰበበት ቀን ዘገየ። በዚያ መሀል ጣሊያን ምሽጉን አጠናከረ። የኢትዮጵያን የሬዲዮ መልእክቶችም እየጠለፈ ያነብ ነበር። ሬዲዮ አዛዡን ከዓይን ያላቀቀ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ምሥጢሩን ያልጠበቀ ሰው አዛዡን ለጠላት ይሸጠዋል። አሸንጌ ሐይቅ አካባቢ በማፈግፈግ ላይ የነበረው ጦር በቦምብና በመርዝ ጋዝ አለቀ። እዚህ ላይ ከፊት መቆምም ከኋላ መቆምም ትርጉም አልነበረውም፤ ሰማዩ ሁሉ ግንባር ሆኗል። ሚያዝያ 7 ቀን ጣሊያን ደሴ ገባ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ተራው የጣሊያን ሆነ። ይህን ክፍል በተለይ ለኮምቦልቻ ሰው ነው የምጽፈው፤ ቦታውን በየቀኑ ስለሚያልፍበት። መጋቢት 28 ቀን 1933 አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ ወጣች። በሚያዝያ መጀመሪያ ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ አንደኛ ብርጌድ በብርጋዴር ዳን ፒናር አዛዥነት ወደ ሰሜን ተነሳ። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን መንገዱን አፍርሶ ጠበቃቸው። ጠግነው አለፉ። ኮምቦልቻ አጠገብ ሲደርሱ ግን ከፍታዎቹ ሁሉ ተይዘዋል፣ መድፍ ተጠምዷል።

ከደቡብ መጥታችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ቀና ብላችሁ እዩ። ሜዳው ተራራው ሥር ያልቃል። ከዚያ ወደ ደሴ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ላይ መኪና ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። መጠምዘዣ በመጠምዘዣ ላይ ነው። ከላይ ያለ ሰው ታች የሚመጣውን ሁሉ ያያል። ታች ያለው ግን ድንጋይና ቁጥቋጦ ብቻ ነው የሚያየው። መንገዱን ይዞ በቀጥታ የሚወጣ ጦር አንድ በአንድ ይመታል። ከፊት ሆኖ «ተከተሉኝ» የሚል መኮንን እዚህ ቦታ ላይ ጀግና ይባላል፤ ሰዎቹን ግን ያስፈጃል።

ስለዚህ ሥራው ወደ ጎን ሄደ። እግረኛው ከመንገዱ ወጥቶ ተራራውን ከጎን ይወጣል። መድፈኛው በፊት ለፊት ጠላትን ያጠምዳል። ተራራ በእግር መውጣት ቀን ይፈጃል። በዚያ ወቅት ዝናብም አለ። የሚወጣው ወታደር ጠመንጃውን፣ ጥይቱን፣ ውኃውን ተሸክሟል። አዛዡ ታች ሆኖ መጠበቅ አለበት። ከበላይ «ለምን ዘገየህ?» ይባላል። ከፊት የሚታይ ውጤት የለም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የተሸከሙትን ዓይነት ሸክም ነው።

ብቻቸውንም አልወጡም። ኢትዮጵያውያን አርበኞች አብረው ነበሩ፤ ከፍታውን በመያዙ ውጊያ ላይ ተሰልፈዋል። ይህ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ እኔ ግን ከነገሩ ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል። የተራራ ውጊያ ላይ የመጀመሪያው መሣሪያ የእግር መንገድ ዕውቀት ነው። የትኛው ገደል ያስወጣል፣ የትኛው ያጠምዳል፣ ውኃ የት አለ፣ ከየትኛው ጥግ ሆኖ ሰው አይታይም። ይህን በካርታ አታገኘውም። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ነው የሚያውቀው። አምስት ዓመት ዱር ሲዋጋ የኖረ የአርበኛ አለቃ ደግሞ ሌላም ዕውቀት አለው። ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዩኒፎርም፣ ብዙ ጊዜ ያለ በቂ ጥይት ሰው አሰባስቦ ማቆየት ያውቃል። በትእዛዝ ብቻ የሚመራ መኮንን ይህን አይችለውም። ሰዉ ጠዋት ተነስቶ ወደ ቤቱ ቢሄድ የሚከስሰው የለም። ያቆየው በአለቃው ላይ ያለው እምነት ብቻ ነው።

ከፍታዎቹ ተያዙ። ኮምቦልቻ ወደቀች፤ በሺዎች የሚቆጠር ወታደርና ብዙ መድፍ ተማረከ። በአጥቂው በኩል የሞተው ሰው ቁጥር በጣም ትንሽ ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደሴ ያለው የጣሊያን ጦር እጅ ሰጠ።

ቦታው እንዲህ ጥሩ ከሆነ ለምን አልያዙትም የሚል ጥያቄ ይነሳል። ቦታ ብቻውን አይዋጋም። ወታደሮቹ አዲስ አበባ መውደቋን ያውቃሉ። በሰሜን ከረን ወድቃለች፣ አስመራ ተይዛለች። ከፊትም ከኋላም ጠላት ነው፤ በዙሪያው ያለው ገበሬም አይወዳቸውም። እንዲህ ያለ ወታደር «ለምን ልሙት?» ሲል አዛዡ የሚመልስለት ከሌለ መድፉ ብረት ነው።

አንድ ነገር ግን ለዚያ ለተሸነፈው አዛዥም እሰጠዋለሁ። ኮምቦልቻ ከወደቀች በኋላ ደሴ ውስጥ ሰፈር ለሰፈር ልዋጋ ማለት ይችል ነበር። ስሙ ይነሳለት ነበር፤ በአገሩ ምናልባት ኒሻን ይሰጠው ነበር። ከተማዋ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ትቃጠል ነበር። እጅ መስጠት ሁሉ ፍርሃት ነው የሚለውን ለዚህ ነው የማልቀበለው። የሚከላከልለት ነገር የሌለው ጦር ሰላማዊ ሰው መሀል ገብቶ ሲዋጋ የሚሞተው ሰላማዊው ነው። ያን ማቆም የሚችለው ደግሞ «ይበቃል» ለማለት የሚደፍር መኮንን ብቻ ነው። የፒናር ጦር ከደሴ ወደ ሰሜን ቀጠለ። በግንቦት አጋማሽ አምባላጌ ላይ የጣሊያን እንደራሴው የአኦስታ መስፍን እጁን ሰጠ።